የዛር ፈረስ

ከበሮ ሲመታ፣ እጣን ሲጤስ፣ ሰው «ከራሱ የሚወጣበት» ሌሊት በአካልና በአእምሮ ላይ ምን ያደርጋል?

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ክረምቱ ሊወጣ የተቃረበበት የጎንደር ሌሊት፤ ከአያቴ ቤት ጋር በአንድ አጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ቤት ውስጥ ነን። ልጅ እንዳይገባ ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን በአያቴ ጋቢ ተሸፍኜ ገብቻለሁ። ቤቱ በእጣን ጢስ ታፍኗል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ቀርቧል። ከበሮ ስላልተገኘ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን በጭኖቿ መሀል ይዛ ትደልቃለች። ሌሎቹ ያጨበጭባሉ።

ጎረቤታችን መሀል ላይ ተቀምጣለች። በቀን የማውቃት ድምፅዋ የማይሰማ፣ ባሏ ሲጠራት ሁለተኛ የማታስጠራ ሴት ናት። መጀመሪያ የተነቃነቀው ግራ ትከሻዋ ነው፤ ቀጥሎ አንገቷ። ነጠላዋ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ማንም አላነሳላትም። ጭብጨባው ሲፈጥን እሷም ፈጠነች። ወገቧ እየታጠፈ እየተቃና፣ የተፈታ ሹሩባዋ ቄጤማውን እየጠረገ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ከደረቷ ውስጥ ማጓራት ወጣ። «ደረሰ» አለች አያቴ በሹክሹክታ።

ከዚያ በድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ፎከረች፤ ድምፅዋ የእሷ አልነበረም። ፉከራውን ስትጨርስ ዙሪያዋን በቁጣ አየችና «ፈረሴን ማን አስከፋት?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። በሩ ሥር ቆሞ የነበረው ባሏ ነጠላውን አደግድጎ ወደ ፊት መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ እጅ እንደሚነሳ ሰው፣ «ምን አጎደልንብዎ ጌታዬ? ምን እናቅርብልዎ?» ብሎ ጠየቀ።

ያ ሰው ሚስቱን «እርስዎ» ብሎ ሲያናግር የሰማሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

የተደበቁት ልጆች

ሽማግሌዎች የዛርን ነገር ሲተርኩ ከሔዋን ይጀምራሉ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይላሉ። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ ዓይን እንዳይገባባት ሰግታ 15ቱን፣ ያውም መልከ መልካሞቹን፣ ደበቀች። የተደበቁት እንደተደበቁ ቀሩ። የታዩት የእኛ ወላጆች ሆኑ፤ የተደበቁት ዛሮች። በዚህ ትረካ መሠረት ዛር የሥጋ ዘመዳችን ነው፤ ብርሃን የተከለከለ ወንድም። ስለዚህ እንደ ዘመድ ያኮርፋል፣ እንደ ዘመድም ይለመናል።

እንደ ዘመድም ስም፣ አገርና ሃይማኖት አለው። ክርስቲያን ዛር አለ፣ እስላም ዛርም አለ። ሰይፉ ጨንገርን የመሰለ ኃያል፣ ራሂሎን የመሰለች እመቤት በየቤቱ ይጠራሉ። እያንዳንዱ የራሱ ፉከራ፣ የሚወደው ሽቶ፣ የሚመርጠው የጭዳ ዶሮ ወይም በግ ቀለም አለው። የሚሰፍርበት ሰው ደግሞ «ፈረስ» ይባላል። ፈረስ በፈቃዱ አይሄድም፤ ጋላቢው በመራው ይሄዳል።

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይህን ሥርዓት አይቀበሉም። ካህኑ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ወደ ጸበል ይልካል፤ ሼሁም ቁርኣን ይቀራበታል። እኔ በዚያ ክርክር ዳኛ ልሆን አልተነሳሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከተለኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያቺ ዝምተኛ ሴት ያን ሌሊት ምን ሆነች? አስመስላ ነው? ታማ ነው? ወይስ በሁለቱ ቃላት የማይያዝ ነገር ሆናለች?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቷ ኤሪካ ቡርጊኞን በ1973 (የውጭ ጥናቶቹን ዓመታት እንዳለ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) የ488 ማኅበረሰቦችን መረጃ አገናዝባ፣ 90 በመቶዎቹ ሰው ከተለመደው የንቃት ሁኔታ ወጥቶ ወደ ሌላ የሚሻገርበት የታወቀ ሥርዓት እንዳላቸው አሳይታለች። ከእነዚህ ሥርዓቶች የአንዱ መሪ የሚጠራበት «ሻማን» የሚለው ቃል የመጣው ከሳይቤሪያ ሕዝቦች ነው። የሻማኑ ነፍስ በከበሮው ላይ ተሳፍራ ወደ ሌላ ዓለም ትሄዳለች። በእኛ ዘንድ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውየው ባለበት ይቆያል፣ እንግዳው ወደ እሱ ይመጣል።

መልካም አየሁ ቤት

በ1924 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1932፣ ከዳካር ተነስቶ አፍሪካን በማቋረጥ ወደ ጅቡቲ የሚጓዝ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ። የቡድኑ መሪ ማርሴል ግሪዮል ነበር፤ የዕለት ማስታወሻውን የሚይዘው ደግሞ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ገጣሚ። ሌሪስ ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር እየሆነ መልካም አየሁ የተባሉ፣ በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ የሆኑ የባለ ዛሮች አለቃ ቤት ለወራት ተመላለሰ። ቡናቸውን ጠጣ፣ ሌሊቱን አብሮ አነጋ፣ ጭዳ ሲታረድ ከጎናቸው ቆመ።

ሌሪስን ያስገረመው የጭፈራው ሌሊት ብቻ አልነበረም። ወይዘሮዋ ተራ በሆነው ቀንም ከአንዱ ዛር ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። እንግዳ ሲቀበሉ አንዱ፣ ሲቆጡ ሌላው ይናገራል። ሌሪስ ዛሮቹን በልብስ ማስቀመጫ መሰላቸው፦ ወይዘሮዋ ጊዜው የጠየቀውን ባሕርይ አውጥተው ይለብሱታል። ታዲያ ቴአትር ነው እንበል? በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጥሞታል። ሰው የሚጫወተው ቴአትር አለ፣ ሰው የሚኖረው ቴአትርም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ተዋናዩ ራሱ ያመነበት፣ ተመልካቹም ነገ በተራው የሚገባበት ነው። በዚያ ቤት ማስመሰልና ማመን የሚለያዩበትን ድንበር ሌሪስ ቢፈልግም አላገኘውም።

በዚያው በ1958 አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ ስለ ዛር የጻፈው ጥናት ወጣ። እሱ ያተኮረው በማኅበሩ ላይ ነው። ታማሚዋ ወደ ባለ ዛሩ ቤት ትመጣለች፤ የያዛት ዛር ማን እንደሆነ ይለያል፤ የሚፈልገው ይጠየቃል፤ ከዚያ የማኅበሩ አባል ሆና ትቀራለች። ዛሩ ከእሷ ተነቅሎ አይባረርም። አብራው ለመኖር ውል ትገባለች። ሜሲንግ ይህን የቡድን ሕክምና ብሎ ጠራው፤ ቤቱ ውስጥም አገልጋይዋና እመቤቷ፣ ድሃዋና ባለጸጋዋ በአንድ ምንጣፍ እንደሚቀመጡ አስተዋለ። አንትሮፖሎጂስቱ አይ. ኤም. ሉዊስ ደግሞ በ1971 መጽሐፉ እንዲህ ያለው መንፈስ በአብዛኛው ሴቶችንና ድምፅ የሌላቸውን የሚይዝበትን ምክንያት ጠየቀ። መልሱ የእኔን ጎረቤት ያስታውሳል። በራሷ አፍ ብትጠይቅ የምትገሠጸውን ነገር መንፈሱ በአፏ ሲጠይቅ ይሰጠዋል።

ያም ሆኖ የማኅበሩ ጉዳይ ብቻውን ትከሻዋ ለምን እንደተነቃነቀ አይነግረንም።

ከበሮው ምን ያደርጋል?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድሩ ኔሄር የተባለ ተመራማሪ የሰዎች ራስ ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያ አድርጎ ከበሮ አሰማቸው። የአእምሮ ሞገድ ምቱን ተከትሎ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ አለ። ሐሳቡ ደስ የሚል ነበር፦ ከበሮው አእምሮን በምቱ ይጎትተዋል፣ ሰውየውም ይነጠቃል። የሙዚቃ ምሁሩ ዢልቤር ሩዤ ግን በ1980 ሐሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። ምቱ ብቻውን ሰውን የሚነጥቅ ቢሆን ኖሮ ከበሮ መቺው ራሱ ሁልጊዜ ቀድሞ በወደቀ ነበር። ጎረቤታችን ቤት ያን ሌሊት ጀሪካኗን ስትደልቅ ያደረችው ሴት ከማላብ በቀር ምንም አልሆነችም። እኔም አልሆንኩም። አንዱን ድምፅ ሁላችንም ሰምተን የተያዘችው አንዷ ብቻ ናት።

ዛሬ ያሉ መሣሪያዎች ከዚያ በላይ ያያሉ። በ2016 ማይክል ሆቭና ባልደረቦቹ በሻማን ሥርዓት ልምድ ያላቸውን 15 ሰዎች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ለስምንት ስምንት ደቂቃ ከበሮ አሰሟቸው። አንዴ ወደ ሰመመኑ እንዲገቡ፣ አንዴ እንዳይገቡ ነግረዋቸዋል። ሲገቡ ሦስት የአእምሮ ክፍሎች የግንኙነቱ መረብ ዋና መገናኛ ሆኑ። አንደኛው ወደ ውስጥ ስናስብና ስለ ራሳችን ስናሰላስል የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ትኩረትን የሚቆጣጠር፣ ሦስተኛው ኢንሱላ የሚባለው ደግሞ የገዛ አካላችንን ስሜት የሚያዳምጥ ነው። በአንጻሩ ድምፅን ከጆሮ ወደ አእምሮ የሚያደርሰው መንገድ ግንኙነቱ ላላ።

ይህን ውጤት ሳነብ ቆም ብዬ ነበር። ከበሮው እየተመታ ነው፣ አእምሮ ግን ከበሮውን መስማት እየተወ ነው። ምቱ እኩልና ሳይቋረጥ የሚመጣ ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል፤ የሚታወቅ ነገር ደግሞ ጥበቃ አይፈልግም። ጆሮ ሥራ ሲፈታ ትኩረት ሁሉ ወደ ውስጥ ይዞራል። አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፤ ተመስጦ እንላለን። መነኩሴውም በጸሎቱ፣ ደራሲውም በብዕሩ፣ እናትም ልጇን እያየች ትመሰጣለች። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ዝንባሌ በጥያቄ ዝርዝር ሲለኩ ከሰው ሰው ይለያያል። የስታንፎርዷ አንትሮፖሎጂስት ታንያ ሉርማን ደግሞ በልምምድ እንደሚዳብር አሳይታለች። ሚሺጋን ላይ በ2021 በወጣ ጥናትም 24 ልምድ ያላቸውንና 24 ልምድ የሌላቸውን አንድ ዓይነት ከበሮ ሲያሰሟቸው የአእምሮ ሞገዳቸው ልዩነት አሳይቷል። ሩዤ ትክክል ነበር፤ ምቱ አንድ ነው፣ ሰሚው ግን የተለማመደና ያልተለማመደ ተብሎ ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። እነዚህ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ተኝተው፣ ራሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ነው የተለኩት። የዛር ፈረስ እንዲህ አትተኛም። ለጎንደሩ ሌሊት የሚቀርበው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሊ ደሴት ላይ የተሠራው ሥራ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በቤተ መቅደስ ሥርዓት ላይ የሚጨፍሩ ሰዎችን መለኪያ አልብሰው የአእምሮ ሞገዳቸውን በሬዲዮ ተቀበሉ፣ ከሥርዓቱ በፊትና በኋላም ደማቸውን መረመሩ። በ2001 ባወጡት ውጤት መሠረት በተያዙት ሰዎች ደም ውስጥ ኖርአድሬናሊን፣ ዶፓሚንና ቤታ ኢንዶርፊን ጨምሯል፤ አብረዋቸው ጨፍረው ባልተያዙት ግን አልጨመረም። ኢንዶርፊን አካል ራሱ የሚሠራው የሕመም ማስታገሻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ባወጡት ጥናትም በተያዘው ሰው አእምሮ ውስጥ ዝግ ያሉ ሞገዶች ሲጎሉ የሚጥል በሽታ ምልክት አላገኙም።

ሰፈር ውስጥ «አስመስላ ነው» ለሚለው ወሬ ይህ መልስ ነው። ደምን ማስመሰል አይቻልም። ፍጹም በሽታ ነው ለሚለውም መልስ ነው።

እጄን ማን አነሳው?

ከሁሉ የሚከብደው ግን «እኔ አልነበርኩም» የሚለው ነው። የገዛ አፍ ተናግሮ እንዴት የሌላ ይሆናል?

እጃችንን ስናነሳ አእምሮ ሁለት ነገር ያደርጋል። ለጡንቻው ትእዛዝ ይልካል፤ ከዚያ ትእዛዝ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚመለስም አስቀድሞ ይገምታል። ግምቱና የተመለሰው ስሜት ከገጠሙ «እኔ ነኝ ያነሳሁት» እንላለን። ሰው ራሱን መኮርኮር የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ግምቱ ከትእዛዙ ጋር ካልተያያዘ እጁ ይነሳል፣ ባለቤቱ ግን አይታወቅም።

በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ኩዊንተን ዲሊና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት ይህን በሂፕኖሲስ ሞክረውታል። በቀላሉ ወደ ሰመመን የሚገቡ ሰዎች እጃቸው በሌላ ኃይል እንደሚንቀሳቀስ ተነገራቸው። እጃቸው ተንቀሳቀሰ፤ እነሱም «እኔ አይደለሁም» አሉ። በኤምአርአይ ሲታይ እንቅስቃሴን በሚያቅደውና በሚያስፈጽመው የአእምሮ ክፍል መካከል ያለው ግንኙነት ቀንሷል። ትእዛዙ ከአእምሯቸው መጥቷል፤ የላላው «የእኔ ነው» የሚያሰኘው ማሰሪያ ነው።

እዚያ ላይ በሰመመኑ ውስጥ የገባው የተመራማሪው ቃል ነበር። ጎንደር ውስጥ የሚገባው ቃል ከልጅነት ጀምሮ የተሰማ ነው። ጎረቤታችን ከመያዟ በፊት ሌሎች ሲያዙ አይታለች። የትኛው ዛር እንዴት እንደሚፎክር፣ የትኛው አንገት እንደሚያስወዘውዝ፣ የትኛው ቀይ ዶሮ እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ግን አላስተማራትም። ማሰሪያው ሲላላ ክፍት የሆነውን ቦታ የሚሞላው ይህ እውቀት ነው። የሳይቤሪያው ሰው ከበሮ ሲሰማ ወደ ሰማይ የሚሄደው፣ የእኛዋ ደግሞ ጋላቢ የሚመጣባት ለዚህ ይመስለኛል። ልቧና ሳንባዋ እንደማንኛውም ሰው ናቸው፤ የመጣው እንግዳ ግን አገሩ ጎንደር ነው።

የዙሪያው ሰውም ከውጭ የሚመለከት ብቻ አይደለም። ስፔን ውስጥ ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በምትባል መንደር በየዓመቱ ሰዎች ፍም ላይ በባዶ እግር ይራመዳሉ። በ2011 በወጣ ጥናት የሚራመዱት ሰዎችና ቁጭ ብለው የሚያዩ ዘመዶቻቸው የልብ ምት አንድ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ታይቷል፤ ለማየት ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ልብ ግን ለብቻው ይመታ ነበር። አያቴ ያን ሌሊት እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ እንደነበር አስታውሳለሁ። የእጇ ደም ሥር ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ አራተኛ እትም ላይ ዛር በስሙ ተመዝግቦ ነበር፤ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያን፣ ሱዳንን፣ ግብፅንና ኢራንን ጠቅሶ፣ በየአገሩ እንደ በሽታ እንደማይታይም አክሎ። ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ደግሞ መስመሩን በግልጽ አስምሮታል። ሰው በመንፈስ መያዙ እንደ ሕመም የሚቆጠረው ሳይፈልግ ሲመጣበት፣ ሲያሰቃየው ወይም ኑሮውን ሲያናጋ ነው፤ ማኅበረሰቡ በተቀበለው ሥርዓት ውስጥ ከሆነ አይቆጠርም።

ይህ መስመር የተፈተነበት አንዱ ቦታ እስራኤል ነው። በ1984 እና በ1991 በሁለቱ ታላላቅ ዘመቻዎች የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ዛራቸውን አገር ቤት ትተው አልሄዱም። በ1990ዎቹ የቤር ሸቫና የኢየሩሳሌም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ ግሪሳሩ፣ ቡዶቭስኪና ዊትስቱም፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ወደ ክሊኒካቸው ሲመጡ ምን ማለት እንዳለባቸው መወሰን ነበረባቸው። በ1997 ያሳተሙት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፦ ሕመም ነው ወይስ ባህል? አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋ፣ የተበተነ ዘመድ፣ ያልተለቀሰ ሐዘን ያለባት ሴት «ዛሩ ተቆጣብኝ» ስትል የምትናገረው ነገር አላት። ሰሚው ቃሉን ካላወቀው ግን የሌለ ድምፅ ከሚሰማ ሰው ጋር አንድ ላይ ይመድባታል።

የተገላቢጦሹም አደጋ ነው፤ እሱንም ሳልናገር አላልፍም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ «ዛር ነው» ተብሎ መድኃኒት ሲከለከል አይቻለሁ። ድምፅ የሚሰማው፣ ከሰው የሸሸ፣ መብላት የተወ ወጣት ለወራት ከቤት ቤት ሲጎተት አይቻለሁ። የዛሩ ሥርዓት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ከበሮው ሲቆም ሰውየው ይመለሳል፣ በማግስቱም ሥራው ላይ ነው። ካልተመለሰ፣ ብቻውን ሳለ ከመጣበት፣ መሬት ጥሎ ካንፈራገጠው፣ ራሱን ሊጎዳ ከፈለገ፣ ሐኪም ማየት አለበት። ጸበል የሚጠመቅም ክኒኑን አያቋርጥ።

ያን ሌሊት ዛሩ የጠየቀው ብዙ አልነበረም። አንድ ጠርሙስ ሽቶ፣ አዲስ ቀሚስ፣ ፈረሱ ደግሞ እህቷን እንድትጠይቅ ለሳምንት ወደ ደብረ ታቦር እንድትሄድ። ባሏ ሦስቱንም «እሺ ጌታዬ» አለ። ዓመቱን ሙሉ ስለ እህቷ አፏን ስትከፍት በአንድ ቃል ይዘጋት እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አያቴ ቆሎ ይዤላት እንድሄድ ላከችኝ። ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሹሩባዋን መልሳ ሠርታዋለች፣ ነጠላዋን ለብሳለች። ባሏ ከውስጥ «አንቺ!» ብሎ ሲጠራት «አቤት» ብላ ተነሳች። ቆሎውን ስትቀበለኝ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር።

«ማታ እንቅልፍ ነሳኋችሁ ይሆን ልጄ?»

«ኧረ የለም» አልኳት። የምሯን ምን እንደምትፈልግ፣ በቀን፣ በስሟ ጠርቶ የጠየቃት ሰው አለመኖሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።